በነሐሴ የለቀቁ ተከራዮች

ቤት ማከራየት ተኝቶ መብላት ነው ያለኝ ወንድሜ ቴዎፊሎ ነው። «ታከራያለሽ፣ ወር ሲሞላ እጅሽን ትዘረጊያለሽ፣ አለቀ ደቀቀ!» አለኝ። አለቀ ደቀቀ! ዕድሜውን ሙሉ ሁዋኑኒ ተራራ ላይ ቆርቆሮ ማዕድን ሲቆፍር የኖረ ሰው ስለ ተከራይ ምን ያውቃል? እኔም ከሱ አልሻልም። ኮቻባምባ ገበያ ውስጥ ድንች ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ድንች ከተበላሸ ይሸታል፣ ለይተህ ትጥለዋለህ። ሰው ግን ከላይ ሲያዩት ደህና ነው።

ባሌ ሲሞት የጭነት መኪናውን ሸጥኩና ከከተማው በስተደቡብ ካለው ኮረብታ ላይ ቤት ሠራሁ። ምድር ላይ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ግቢው ውስጥ የውሃ ቧንቧና ሽንት ቤት፣ ከላይ ደግሞ እኔ የምተኛባት አንዲት ጠባብ ክፍል። ወደ ላይ የሚወጣው በብረት መሰላል ነው። መደገፊያ የለውም፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ደረጃ እሠራለሁ ብሎ ቀብድ የበላው ግንበኛ እስከ ዛሬ የት እንደገባ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። እኔም የታችኛውን ክፍል አከራይቼ ደረጃውን አሠራለሁ ብዬ ተመኘሁ። ላም አለኝ በሰማይ!

ካርኒቫል ሊገባ ሲል ሊምበርና ሚስቱ ኔልቫ መጡ። ወጣቶች ናቸው፣ ፈገግታቸው አያልቅም። ኔልቫ ጀርባዋ ላይ ዓመት ያልሞላው ልጅ አዝላለች፣ ጃይሮ ይባላል። ሊምበር ደግሞ ትከሻው ላይ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ አፉ የሰፋ ትልቅ የነሐስ ጥሩምባ ተሸክሟል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቱባ ነው፣ ዶኛ ካሲሚራ። የእንጀራ ገመዴ ነው። ባንድ ውስጥ እጫወታለሁ።»

«እዚህ ግቢ ውስጥ ልትነፋው ነው?»

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! አልፎ አልፎ፣ እንዳይዝግ ያህል።»

አልፎ አልፎ አለ፣ አልፎ አልፎ ያድርገውና! ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ይነፋል፣ ከገበያ ደክሞኝ ስገባ ይነፋል። የቱባ ድምፅ በጆሮ አይደለም የሚሰማው፣ በወለል ነው የሚመጣው። አልጋዬ ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳህኖች ይንጫጫሉ። እሑድ እሑድ ጓደኞቹ ይመጡለታል፤ ሁለት ቱባ፣ ከበሮ፣ ትሮምቦን። አንድ ቀን ከላይ ሆኜ «ሰው አይደለሁም እንዴ እኔ?» ብዬ ጮህኩ። ከበሮ መቺው ቀና ብሎ አየኝና «ቆይ እሜቴ፣ ይቺን እንጨርስና!» አለኝ።

ኔልቫም ከባሏ አታንስም። እንስሳ አይገባም ብዬ ነበር፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በግልጽ የነገርኳቸው። እሷ ግን ከአልጋቸው ሥር ኩይ አረባች። ኩይ ለበዓል የምትጠበስ ጅራት የሌላት ትንሽ እንስሳ ናት፤ ሁለት ካስገባህ በሦስት ወር ውስጥ ቤቱ የእነሱ ነው። «ኔልቫ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚጮኸው?» ስላት «የልጁ መጫወቻ ነው» ትለኛለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ሽታውስ? እሱም መጫወቻ ነው?

ኪራዩን አላነሳውም፣ ደሜ ይፈላል። ሁልጊዜ «ባንዱ አልተከፈለንም» ነው። ሠርግ ተጫውተው አልተከፈላቸውም፣ ለቅሶ ተጫውተው አልተከፈላቸውም። ታዲያ ምን ያስጮሃቸዋል?

እንግዲህ ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ያ ቀን ባይነጋ ኖሮ!

ሙቀት ነበር። ድንች ስጭን ውዬ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ እግሬ አብጧል። ግቢ ስገባ ቧንቧው ተከፍቶ ተትቷል፣ ውሃው እስከ ውጭው በር ይፈሳል። በቃ አልኩ። ዛሬ አስወጣቸዋለሁ፣ ድንጋይ ቢዘንብ አልመለስም። የእነሱን በር በእግሬ ገፋሁና ገባሁ።

ክፍሉ ተጠርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ሞቅ ያለ ዳቦ ተከምሮ፣ በትልቅ ብርጭቆ ቺቻ፣ የበቆሎ ጠላችን፣ ተቀድቶ አገኘሁ። ሊምበርና ኔልቫ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ጃይሮም ታጥቦ፣ ተቆርጦ የማያውቀው ፀጉሩ ጀርባው ላይ ወርዶ፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። አይቼ ግን አላየሁም። በዚያ ሰዓት የታየኝ ብርጭቆው ብቻ ነው። «ቆይ ጉሮሮዬን ላርጥብና ዛሬ እነግራችኋለሁ!» አልኩና ብድግ አድርጌ፣ ልማድ አይደል፣ ለምድር ጠብ አድርጌ፣ በአንዴ ጨለጥኩት።

ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ኔልቫ አፏን በእጇ ይዛለች። ሊምበር ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ምነው?» አልኩ።

«ዶኛ ካሲሚራ...» አለ ሊምበር ቀስ ብሎ፣ «ይሄ እኮ ለባንዱ አለቃ የተቀዳ ነበር። የጃይሮን ፀጉር እንዲቆርጥልን ልንጠይቀው...»

ያኔ ገባኝ። እኛ ጋ የልጅ የመጀመሪያ ፀጉር ዝም ተብሎ አይቆረጥም። መጀመሪያ መቀስ የሚያሳርፍበት ሰው የልጁ የክርስትና እናት ወይ አባት ነው፣ ከወላጆቹም ጋር አበልጅ ይሆናል። ይህን የሚለምን ሰው ዳቦና ቺቻ አቅርቦ ይለምናል። ተለማኙ ካልፈለገ ብርጭቆውን ሳይነካ «አልችልም» ይላል፣ ማንም አይቀየመውም። ከጠጣ ግን አለቀ። ለምድር ጠብ አድርጎ ከጠጣማ ጳጳስ ቢመጣ አይፈታውም። እኔ ደግሞ ማንም ሳይለምነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ለሰው የተቀዳ ብርጭቆ አንስቼ!

«አላየሁም ነበር እኮ» አልኩ።

«እሱስ አዎ» አለ ሊምበር። «ግን ጠጡት።»

ኔልቫ ማልቀስ ጀመረች። የደስታ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው የባንዱ አለቃ አውቶቡስ አለው፤ ልጇን ለባለ አውቶቡስ አስባ ለድንች ሻጭ ብትሰጥ ምን ታድርግ? ሊምበር ግን ቶሎ ራሱን አስተካከለ። ዳቦውን በሁለት እጁ አንስቶ ሰጠኝና «እንግዲህ ምድር የመረጠችውን ማን ይመልሳል፣ አበልጄ?» አለኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እርስዎ» ቀረ፣ «ዶኛ» ቀረ። አንቺ ሆንኩ፣ አበልጅ ሆንኩ። ልጮህ መጥቼ ዳቦ ታቅፌ ወጣሁ።

በሳምንቱ ፀጉሩን ቆረጥኩ። እውነቱን ልናገር፤ ልጁን ወደድኩት። መቀሱን ሳይ ያለቅሳል ብዬ ነበር። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያዋን ጉንጉን ስይዝ ዝም ብሎ አውራ ጣቴን ጨበጠኝ። ልጅ አልወለድኩም እኔ፤ እግዜር አልሰጠኝም። ያን ቀን ቺቻውም ነበር መሰለኝ፣ አለቀስኩ። መራመድ ሲጀምር እኔን ካየ እየሮጠ ይመጣል። የክርስትና እናት እኛ ጋ ማድሪና ትባላለች፤ እሱ ግን ማለት አቅቶት «ማዲና! ማዲና!» እያለ ጉልበቴ ላይ ይጠመጠማል። ከገበያ ስመለስ ለእሱ የማልይዘው ነገር አልነበረም።

ልጁ ደግ፣ ወላጆቹ ጉድ። ከዚያ በኋላማ ልቅ ሆኑ። አበልጅን ኪራይ እንዴት ትጠይቀዋለህ? «ሊምበር፣ ወሩ አለፈ እኮ» ስለው «አይ አበልጄ፣ እኔና አንቺ መሃል ወር አለ?» ይለኛል። ቱባውን ቀንስ ስለው «ልጅሽ ካልሰማው አይተኛም» ይላል። ልጅሽ! ኔልቫም ሽንኩርቴን፣ ዘይቴን፣ ባልዲዬን ሳትጠይቅ መውሰድ ጀመረች፤ የአበልጅ ነዋ! እኔ በቤቴ እንግዳ ሆንኩ።

ወደ ሰፈሩ ሊቀመንበር ወደ ዶን ኔሜስዮ ሄድኩ። ነገሩን ጀመርኩለት፣ ደህና ሲሰማኝ ቆየ። «አበልጅ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን ቆብ አደረገና ተነሣ።

«ዶኛ ካሲሚራ፣ የፍሳሽ ነገር ካለሽ አምጪ። የአጥር ነገር ካለሽ አምጪ። በአበልጅ መሃል ግን እጄን አላስገባም፣ ልጆች አሉኝ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ማየት ነዋ ከመጠጣት በፊት!» አለኝና ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል ለካ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ይሉኝታ የሚያጠቃኝ ሰው ነኝ፣ ውስጤ እያረረ እስቃለሁ። ሰኔ ላይ ግን ቴዎፊሎ ከሁዋኑኒ ደወለ።

«እማዬ አልተሻላትም» አለኝ። እናታችን ዶኛ ኢግናሲያ ከእሱ ጋር ነው የምትኖረው። እዚያ ተራራው ከፍ ያለ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሰኔ ላይ ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሆኖ ያድራል። ልቧ ደክሟል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። «ሐኪሙ ወደ ቆላ አውርዷት አለ። ኮቻባምባ ብትወርድ ትተርፋለች፣ እዚህ ከቆየች ግን ክረምቱን አትወጣውም ብሎኛል። ላምጣት?»

ምን ልበለው? እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በዱላ ነው የምትሄደው። በዚያ መሰላል እንዴት ትወጣለች? ያለችው የምድሯ ክፍል ናት። «ትንሽ ቀን ስጠኝ» አልኩት።

በዚያው ቀን ወረድኩ። ጉልበቴን ሰብስቤ፣ በጥሩ አነጋገር ነገርኳቸው። እናቴ ታማለች፣ ክፍሏን ልቀቁልኝ፣ ያለባችሁን ኪራይ ምሬያችኋለሁ፣ ሌላ ቤትም እፈልግላችኋለሁ።

ሊምበር ከልቡ አዘነ። የሚያናድደውም ይኼው ነው፤ ከልቡ ነው የሚያዝነው። «እናታችን ታማለች? አይ አበልጄ! እንዴታ፣ እንለቃለን እንጂ! የሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ይለፍና።»

በዓሉ አለፈ። «ጃይሮ ያስለዋል፣ በሳል ቤት አይለወጥም፣ ልጅሽ እኮ ነው።» ሳሉ ለቀቀው። «ሐምሌ የልምምድ ወር ነው፣ የድንግል በዓል ደርሷል፣ ባንዱ አሁን ካልሠራ መቼ ይሠራል?» እሺ፣ እናንተ ወደ ላይ ውጡ፣ እኔ ከእናቴ ጋር ታች ልተኛ አልኳቸው። ኔልቫ መሰላሉን አየችና ልጇን እቅፍ አደረገች። «ልጃችን ወድቆ ቢሞትስ? አበልጄ፣ ይህን እንዴት ታስቢያለሽ?» በዚህስ እውነቷን ነው፣ እኔም ሳስበው ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ታዲያ ሄዳችሁ ሌላ ቤት አትፈልጉም? አልኳቸው። ያገኘሁላቸውን ቤቶች አንዱን ጠበበ፣ አንዱን ራቀ፣ አንዱን ባለቤቷ ክፉ ናት አሉ። ክፉ! ወይ እድሌ፣ እኔም ክፉ ብሆን ኖሮ!

ቴዎፊሎ በየሳምንቱ ይደውላል። «ክፍሉ ተለቀቀ?» «ሊለቀቅ ነው።» «ካሲሚራ፣ ተከራይ እኮ ናቸው፣ በቃ ውጡ አይባሉም?» አበልጅነቱን ለእሱ ነግሬዋለሁ፣ ግን ለእማዬ እንዳይነግራት አስምዬዋለሁ። እናቴን አውቃታለሁ። በእሷ ዘንድ አበልጅ ከሥጋ ይበልጣል፤ ከአበልጁ ጋር የተጣላ ሰው ቤት ውሃ አትጠጣም። እሷ እንድትኖር አበልጅ ተባረረ ብላ ብትሰማ ከአልጋዋ አትነሣም። አያችሁ የገባሁበትን? ካላስወጣኋቸው እናቴ ትሞታለች፣ ካስወጣኋቸውና ከሰማች አትመጣም፣ ያው ትሞታለች።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው እሑድ ቴዎፊሎ እንደገና ደወለ። ድምፁ ሌላ ነበር። «ትናንት ራሷን ስታ ወደቀች። ኦክስጅን ሰጥተው መለሷት። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? ምን ትጠብቃለህ አለኝ። እኔ ምን እየጠበቅኩ ነው፣ ካሲሚራ?»

ታች ባንዱ ይለማመዳል። መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ግቢው ሙሉ ነው፣ ሰባት ስምንት ሰው ጉንጩን ነፍቶ ይነፋል፣ ኔልቫ ቺቻ ትቀዳለች፣ ጃይሮ በድስት ክዳን ከበሮ ይመታል።

«ሊምበር!» አልኩ። አልሰማኝም። ሄጄ መዳፌን ቱባው አፍ ውስጥ ከተትኩበት። ድምፁ ታፈነ፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ አቆሙ።

«እናቴ ልትሞት ነው። ዛሬ ልቀቁ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አይ እናቴን፣ አይ... አበልጄ፣ ለአምላክ ብለሽ፣ አሁን እኮ ነሐሴ ነው። ምድር አፏን የከፈተችበት ወር። በነሐሴ ቤት የለቀቀ ሰው ከቤተሰቡ አንዱን ሳይቀብር ዓመቱን አይጨርስም። አንቺም ታውቂያለሽ። መስከረም አንድ ይንጋና፣ እምላለሁ...»

አውቃለሁ። ያልሰማው የለም። እኔም በነሐሴ ቤት ለቅቄ አላውቅም። ግን እናቴ መስከረምን አታይም።

«አበልጄ አትበለኝ!» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ስሙ፣ ሁላችሁም ስሙ! ያን ብርጭቆ የጠጣሁት ጠምቶኝ ነው። ማንም አልለመነኝም፣ እኔም አልፈቀድኩም። ከዛሬ ጀምሮ አበልጅ የለኝም። አከራይ ነኝ፣ እናንተ ተከራይ ናችሁ፣ ኪራይ አልከፈላችሁም፣ ውጡልኝ!»

ከበሮ መቺው ባርኔጣውን አወለቀ፣ እንደ ለቅሶ ቤት። ኔልቫ አማተበች፣ ልጇን ብድግ አድርጋ ፊቱን ደረቷ ውስጥ ሸሸገችው። እኔ እንዳላየው ነው ወይስ እሱ እኔን እንዳያይ፣ አላውቅም። ሊምበር ቱባውን መሬት ላይ አስቀመጠና «ነሐሴ ነው እኮ» አለ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሱ ይመስል።

ሲነጋ በእጅ ጋሪ እየጫኑ ወጡ። ፍራሹ፣ ድስቱ፣ በሣጥን የታሸጉት ኩዮች፣ ከላይ ቱባው። ከላይ በመስኮት አየኋቸው። ጃይሮ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ወደ መስኮቱ እጁን ያውለበልባል፤ ሽርሽር መስሎታል። መጋረጃውን ለቀቅኩት። ምን ላድርግ? ንገሩኝ እስኪ፣ ምን ላድርግ? እናቴ ናት!

ክፍሉን ሁለት ቀን አጠብኩ። የኩዮቹ ሽታ ከግድግዳው አልወጣ ብሎ በኖራ ቀባሁት። ገበያ ስሄድ ከአጠገቤ ካሮት የምትሸጠው ሴትዮ ሚዛኗን አንስታ ወዲያ ማዶ ተቀመጠች። ሰላምታ የሚሰጠኝ ጠፋ። ይሁን አልኩ። እናቴ ትምጣልኝ እንጂ።

መጣችልኝ። ቴዎፊሎ ታክሲ ተኮናትሮ በር ድረስ አደረሳት። ትንሽ ሆናለች፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ አንድ ፍሬ ልጅ ታክላለች። ከንፈሯ ግን ከአሁኑ ቀላ ብሏል፣ ወይም ለእኔ እንዲያ መስሎኛል። ከመግባቷ በፊት አረፍ ትበል ብለን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አወጣንላት። ተቀመጠች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ በዱላዋ የክፍሉን በር አመለከተች።

«ማን ነበር እዚህ የሚኖረው?»

«ተከራይ ነዋ፣ እማዬ።»

«ምን ዓይነት ተከራይ?»

«ተከራይ ተከራይ ነው! ነይ አሁን፣ ሾርባ አሙቄልሻለሁ።»

«ሾርባው አይሸሽም። ታክሲው ሲገባ የጎረቤትሽ ሴትዮ አይታሽ ፊቷን አዞረች። ሌላይቱም በሯን ዘጋች። ሰው ያለ ነገር ፊቱን አያዞርም።» ቴዎፊሎን አየችው፣ እሱ የጫማውን ማሰሪያ ያይ ጀመር። «ካሲሚራ፣ አርጅቻለሁ እንጂ አልጃጀሁም። በነሐሴ ማንን ነው ያስወጣሽው? አበልጅሽን ከሆነ ንገሪኝ። ከአበልጅ የተቀማ ክፍል ውስጥ አልተኛም። ቴዎፊሎ በመጣንበት ይመልሰኝ። ሞት እንደሆነ እዚያም አለ።»

አፌን ከፈትኩ። ገበያ ውስጥ ስንት ሰው ዋሽቻለሁ፣ ስንት ጎዶሎ ኪሎ ሙሉ ነው ብዬ ምያለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ውሸት አልመጣልኝም። የእናቴ ዓይን እንዲህ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ።

ያኔ ነው ከበስተኋላዬ «ማዲና!» የሚል የሰማሁት።

የውጭው በር ታክሲው ሲወጣ እንደተከፈተ ቀርቷል። ጃይሮ በዚያች አጭር እግሩ እየተንደረደረ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ተጠመጠመ። ከኋላው ሊምበር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ፊቱን ሳየው ግን ሁሉንም እንደሰማ አወቅኩ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ማን ይፈርድበታል? እኔ በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ። አንዲት ቃል ይበቃዋል።

«ምን አላት ይሄ ልጅ?» አለች እናቴ።

ሊምበር ቀረብ ብሎ ልጁን ከጉልበቴ አላቀቀው። ጃይሮ ቀሚሴን አልለቅም ብሎ ይታገል ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልን፣ እማማ። አመሉ ነው፣ ሴት ካየ ሁሉንም ማዲና ነው የሚለው። ትናንት ዳቦ ሻጯን ማዲና ብሎ አሳቀን።»

«አንተ ማነህ?»

«ሊምበር እባላለሁ። እዚህ የነበርን ተከራይ ነን። ቁልፉን ሳልመልስ ረስቼ ሄጄ ነው።»

«ልጄ ለምን አስወጣችህ? በነሐሴ?»

ሊምበር ባርኔጣውን በጣቶቹ ያዞረው ጀመር። «እውነቱን ልንገርዎት? ኪራይ በጊዜው ከፍዬ አላውቅም። ቱባ እነፋለሁ፣ ያውም ጓደኞቼን ሰብስቤ፣ ሰው ደክሞት በተኛበት ሰዓት። እንስሳ አታስገቡ ብለውን አስገባን። ውሃውን ከፍተን እንተዋለን። ከሰኔ ጀምሮ ልቀቁልኝ ብለው ለምነውናል፣ በዓል ነው ሳል ነው እያልን አንገላታናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ወር ያስወጣን ነበር። ልጅዎ ታጋሽ ሰው ናቸው።»

ይህን ያህል ጊዜ ስጮህበት አንዲቷን እንኳ አምኖልኝ የማያውቅ ሰው! ሁሉንም፣ አንድም ሳያስቀር፣ በተራ በተራ!

እናቴ ግን አልለቀቀችውም። «ዝምድና የላችሁም? በመሐላ? በልጅ?»

ኔልቫ ውጭ በሩ ጋ ቆማለች፣ አሁን ነው ያየኋት። ሊምበር ወደ እሷ አላየም፣ ወደ እኔም አላየም። ልጁን ወደ ደረቱ ጠጋ አደረገውና «የለንም፣ እማማ» አለ። «ተከራይ ብቻ ነበርን።»

ከዚያ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «እንግዲህ ደህና ይሁኑ፣ ዶኛ ካሲሚራ። ላስቸገርንዎት ሁሉ ይቅር ይበሉን።»

ይበሉን አለኝ። ሄዱ። ጃይሮ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ መንገዱን እስኪታጠፉ ድረስ ስሜን ይጠራ ነበር፣ እሱ የሚያውቀውን ስሜን። ተከትዬ መሮጥ ፈልጌ ነበር፣ እናቴ ግን እያየችኝ ነው፤ ቆምኩ።

እናቴ ዱላዋን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣች። የሄዱበትን አቅጣጫ ትንሽ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ኪራይ ባይከፍልም ጨዋ ሰው ነው» አለች። «ጥፋቱን በራሱ አፍ የሚናገር ሰው ዛሬ የት ይገኛል? እንዲህ ያለውን ነበር፣ ልጄ፣ አበልጅ ማድረግ።»

«እሺ፣ እማዬ» አልኩና ክንዷን ይዤ አስገባኋት።